ገበያነሽ መሮጫው ላይ

አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ወይዘሮ ገበያነሽ ቪላ እያስገነባች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለምን አያምኑ? ማታ ማታ ከታክሲ ወርዳ ወደ ኮንዶሚኒየሟ የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር መጀመሪያ ሴራሚክ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ቀጥላ የመታጠቢያ ገንዳ የተደረደረበት ጋ። ከዚያ የበር እጀታ የተሰቀለበት መስኮት ፊት። የበር እጀታን ያን ያህል ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ወይ ባለ ቪላ ነው ወይ ሌባ ነው፤ ገበያነሽ ደግሞ ሌባ አለመሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። አንደኛው ነጋዴማ «እመቤት፣ የቱርኩን ላስቀምጥልዎት? ለእርስዎ ቅናሽ አለው» እያለ እስከ መንገድ ድረስ ይከተላት ጀምሮ ነበር።

ሴትዮዋ የምታየው እጀታ አልነበረም። ደረቷ ላይ አንድ የማይታይ ባለሥልጣን ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጥባታል፤ እሱ እስኪነሳላት ነው የምትጠብቀው። ሲነሳላት ትሄዳለች፤ ትንሽ ስትሄድ ተመልሶ ይቀመጣል። መንገድ ዳር ቆሞ ማረፍ ደግሞ አይሆንም። የሚያርፍ ሰው በሽተኛ ነው፣ በሽተኛ ይጠየቃል፣ የተጠየቀ ሰው መልስ መስጠት አለበት። ከዚህ ሁሉ የበር እጀታ ማየት ይቀላል።

ገበያነሽ ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ናት። የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስም መጻፍ ቀለም ማባከን ነው፤ ጽፈን ሳንጨርስ ይቀየራል። እሷ ግን አልተቀየረችም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ዕድሜዋ የጡረታ ደጃፍ ደርሷል፣ በታይፕ የጀመረችውን ሥራ በኮምፒውተር ቀጥላለች። አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር ለውጥ ይታወጃል፤ ለውጥ በታወጀ ቁጥር የእሷ ጠረጴዛ ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ግድግዳ ይዞራል። ይህ ነው እንግዲህ ተቋማዊ ሽግግር የሚባለው! ሰፊው ሠራተኛ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ራእይ ሥር ቁጭ ብሎ ሊፍቱ የሚሠራበትን ቀን ይጠብቃል። ሊፍቱ አይሠራም። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ቤቷም አራተኛ ፎቅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትወጣ ኖራ አንድም ቀን ከፍ ያላለች ሴት ናት።

ያ ደረቷ ላይ የሚቀመጠው ነገር ስም ነበረው። ጨጓራ። በዚህ ከተማ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ጨጓራ ምቹ በሽታ ነው። አያሳፍርም፣ ሥራ አያስቀርም፣ መድኃኒቱ ከሱቅ ይገዛል፣ ባይገዛም ተልባ ይጠጣል። ማኅበር ቢያቋቁሙለት የአባላቱ ብዛት የየትኛውንም ፓርቲ ያስንቅ ነበር፤ አባላቱም በፍላጎታቸው የገቡ በሆኑ። ገበያነሽ ተልባዋን በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ቢሮ ትሄዳለች፤ ደረጃው ላይ ትጎነጫለች፤ ወንበሩ ይነሳላታል። የተነሳላት ስለቆመች መሆኑን ማን ይንገራት? ተልባው ምስጋናውን ይወስዳል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንስቅ ነበር። ግን ሀይሉ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ሀይሉም ጨጓራ ነበረው። ሀይሉም ዳገት ሲወጣ ደረቱን በመዳፉ ደገፍ ያደርግ ነበር። አንድ ቀትር ላይ ደምበል ሕንፃ ፊት ለፊት ታክሲ ሲጠብቅ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ከኪሱ የጨጓራ ኪኒን ወጣ። ለቅሶው ላይ «ድንገት ነው» ተባለ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚሞተው ድንገት ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያመው ከከረመ በኋላ፣ ድንገት። ገበያነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ስለምታውቀው ደግሞ ማወቅ አትፈልግም። የእሷም ሕመም የሀይሉ ሕመም ከሆነ የእሷም መጨረሻ የት እንደሆነ ታውቃለችና። አለመመርመር ተስፋ ነው። ድሃ ተስፋ ቢሆንም ተስፋ ነው።

ልጇ ቅድስት ግን አገኘቻት። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከገበያ ሲመለሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ገበያነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ።»

«ያደረግሽው ክፍት ሰንደል ነው እኮ።»

«ታዲያ ክፍት ስለሆነ አይደል የገባው?»

«ግንባርሽ ላይ ያለው ላብስ? እሱም የጠጠሩ ነው?» ቅድስት ባንክ ነው የምትሠራው፤ ከሰው አፍ እውነት ማውጣት ልማዷ ነው። «በቃ። ሰኞ ሐኪም ቤት ነን። ማለቴ፣ እንነጋገርበት ምናምን የለም።»

እሑድ ዕለት ከዕድር ስብሰባ በኋላ ግቢው ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። ማን እንደጠራው አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ሸንጎ ጠሪ አያስፈልገውም። ሰብሳቢው ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው፤ ምድር ቤት የሚኖሩ የጉምሩክ ጡረተኛ። ጋሽ ዋቅጅራ ልባቸውን ያልተነሱበት ማሽን የለም። ፊልሞቻቸውን በፌስታል ሰብስበው ይዘዋል፤ ሰው «እንዴት ሰነበቱ?» ሲላቸው በአፋቸው አይመልሱም፣ ፌስታሉን ይፈታሉ።

«ኢሲጂ ለልጅ ነው» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። «ደረትሽ ላይ ሽቦ ይለጥፉና ጫጭረው ይሰጡሻል። ኢኮ ይሻላል። ልብሽን በቲቪ ታዪያታለሽ።»

«አይቻት ምን አደርጋታለሁ?» አለች ገበያነሽ።

«የራስሽ አይደለች እንዴ? ሰው ንብረቱን አያይም?»

«መሮጫ ማሽን ላይ የሚሠራውስ ጋሼ?» ቅድስት ጠየቀች።

«እሱ ስፖርት ነው። ዋናው ሲቲ ነው። የደም ሥርሽን እንደ ከተማ ካርታ ዘርግቶ ነው የሚያሳይሽ። ይኸው የኔ!» ፌስታሉ ተፈታ።

ጋራዥ ያለው ሱሌማን ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየና «ማሽኑ የየት አገር ነው?» አለ።

«የጀርመን።»

«በቃ እሱ አይዋሽም። የቻይና ከሆነ ግን ሁለት ቦታ ተነሺ፣ እትዬ ገበያነሽ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ የሕክምና ሳይንስ በሰፊው ሕዝብ እጅ ሲገባ። ሰው ስልክ እንደሚያወዳድር ምርመራ ያወዳድራል፤ ውዱ ይሻላል፣ አዲሱ ይሻላል፣ ሥዕል ያለው ከሌለው ይሻላል። ሴትየዋን ምን ይሰማሻል፣ መቼ ይሰማሻል ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ገበያነሽ ራሷ የሚሟገቱት ስለ ሌላ ሰው ልብ ይመስል ጋቢዋን አጣፍታ ትሰማ ነበር። ደክሟታል። መስማቱም ያደክማል።

ሰኞ ዶክተር ዮአብ ተቀበላቸው። ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ግን የአዛውንት ጥላ አለ። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሰው የበሩን መከፈት እየጠበቀ ይገፋፋል። ግድግዳው ላይ «ጤናዎ በእጅዎ ነው» የሚል ፖስተር ተለጥፏል፤ ማለትም ሌላ ማንም ጋ እንዳትፈልጉት ነው።

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«አይ፣ ጨጓራ ነው እንጂ ዶክተር።»

ኢሲጂ ተነሳች። ተጋደመች፣ ሽቦ ተለጠፈላት፣ ወረቀቱ ወጣ፤ እንከን የለውም። ገበያነሽ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ስታመራ ዶክተሩ መለሳት።

«ይቀመጡ እንጂ። ይሄ የሚነግረን ተጋድመው ሳሉ ልብዎ ምን እንደሚመስል ነው። ተጋድሞ የሚደክም ልብ ጥቂት ነው። የመሮጫውን እንሥራ። እውነቱን ለመናገር ሴቶች ላይ አንዳንዴ ያታልላል፤ የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም ይላል። ግን ቅርብ ነው፣ ጨረር የለው፣ መርፌ የለው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ያቺን ለግፊት የሚወስዷትን፣ የልብ ምት የምታዘገየዋን ኪኒን ከሁለት ቀን በፊት ያቁሟት። እሷን ከወሰዱ ልብዎ አይሮጥም፤ ካልሮጠ ደግሞ ምንም አናውቅም። የምርመራው ዕለት ሲገቡም መጀመሪያ ይለኩዎታል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ እኛ እናውቃለን።»

«እሺ ዶክተር» አለች።

እሺ ማለትና ማድረግ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በምርመራው ዕለት ጠዋት ገበያነሽ ኪኒኗን ዋጠች። ረስታ አይደለም፤ አስባበት ነው። ከወራት በፊት አንዲት ነርስ ግፊቷን ለክታ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ «ማዘር፣ መድኃኒቱን አይወስዱትም እንዴ?» ብላታለች። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ግፊትን ሰቅሎ ሐኪም ፊት መቅረብ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ቤት ሳይጠረግ እንደመገኘት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ለሐኪሙ ቤቷን ጠረገች። እንዲያውም ለጥንቃቄ ግማሽ ጨመረችበት። መርማሪውን በንጽሕና ማሸነፍ! ኦዲተር ሲመጣ ፋይል ማስተካከል የለመደ እጅ ሌላ ምን ያደርጋል?

መሮጫው ያለበት ክፍል ውስጥ የምትሠራው ልጅ ዮርዲ ትባላለች። ገበያነሽ የቅድስትን የስፖርት ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ ቀረበች፤ ቀሚሱን አላወልቅም ብላለች። የሯጮች አገር ነን እየተባለ ስንት ተጨብጭቧል፤ ይህች ሴት ግን ታክሲ ለመያዝ እንኳ ሮጣ አታውቅም። ሽቦዎቹ ተለጠፉ፣ ግፊቷ ተለካ፣ እንደተጠረገ ቤት ያማረ ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑ ተነሳ።

«ማዘር፣ ብረቱን ለቀቅ ያድርጉት። በጣት ብቻ ነካ።»

«ይዤዋለሁ፣ አታስቢ።»

«ኧረ እንዳይዙት ነው የምልዎት! እሱን ተደግፈው ከሄዱ ልብዎ ሥራ አይሠራም።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለችና የበለጠ አጥብቃ ያዘችው።

ማሽኑ ፈጠነ፤ ወለሉም ወደ ላይ ተነሳ። ዳገቱ ሲመጣ ባለሥልጣኑም ወንበሩን ይዞ መጣ። እዚህ ደግሞ የበር እጀታ የለም፣ የመታጠቢያ ገንዳ የለም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። መንጋጋዋ ድረስ ወጣባት። ዮርዲ እንደ ደንቡ ጠየቀች።

«ማዘር፣ አመመዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደረትዎ ላይ ማፈን፣ መጫን የሚመስል ነገር የለም?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

ዮርዲ ሳቀች። መሳቅ አይገባትም ነበር፤ ግን ማን አይስቅም? እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። ደህንነታችን ሲጠየቅ ፈጣሪን አመስግነን ጥያቄውን ለባለቤቱ እንመልሳለን። «አሞኛል» ብሎ በመጀመሪያው ጥያቄ የሚመልስ ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ያላሳደጉት ነው። ይህን ምግባር ለዘመናት አጥርተን ስንማር፣ አንድ ቀን ማሽን ላይ አቁመው የምር እንደሚጠይቁን ያስጠነቀቀን የለም።

ወንበሩ ሲከብድባት ገበያነሽ «እግሬ ደከመ» አለች፤ ደረቴ ከማለት እግሬ ማለት ጨዋነት ነው። ማሽኑ ቆመ። ዮርዲ የልብ ምቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ገና ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም። ማዘር፣ ኪኒኗን ወስደዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ምን በወጣኝ?»

ውጤቱ በእንግሊዝኛ ወጣ። የመጀመሪያው መስመር የደረት ሕመም አልተሰማትም ይላል። የመጨረሻው መስመር የልብ ምቷ ከሚፈለገው ስላልደረሰ ከዚህ ምርመራ ምንም መደምደም አይቻልም ይላል። ቅድስት ሁለቱንም አነበበች።

«እማ፣ መጨረሻው ላይ እኮ...»

«የፊተኛውን አንብቢ እስቲ። ሕመም የለም አይልም?»

«ይላል፣ ግን...»

«ታዲያ!»

ቤት እስኪደርሱ የፊተኛው መስመር ደረጃውን ቀድሟቸው ወጣ፤ የኋለኛው ሥር ቀረ። ጋሽ ዋቅጅራ ምርመራውን ቢንቁም ነጻነቷን አወጁ። ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ሊል ገባ ወጣ። ገበያነሽ እንግዶቿን ስታስተናግድ ወጥ ቤትና ሳሎን መካከል በሩን ይዛ ትቆም ነበር። በሩን ለምን እንደምትይዝ የጠየቃት የለም፤ ማሽኑ ነጻ ብሏታላ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ነጋዴዎቹ ሴትየዋ አሁን ደግሞ የቀለም መሸጫው ጋም መቆም መጀመሯን አዩ፤ ቪላው ወደ ማለቁ ነው አሉ። ቅድስትን ግን ያ የኋለኛው መስመር አላስተኛትም። እናቷን ሳታማክር ቀጠሮ ያዘች፤ ቢሮዋ ድረስ መጥታም ከጠረጴዛዋ አስነስታ ወሰደቻት።

ዶክተር ዮአብ ወረቀቱን አገላብጦ አስቀመጠው።

«ይሄ ንጹሕ ውጤት አይደለም። ፈተናውን አለፉ ማለት አይደለም፤ ፈተናው ላይ አልተቀመጡም ማለት ነው። ኪኒኗን ወስደዋል?»

ዝም።

«እማ!» አለች ቅድስት።

«አንዲት ናት» አለች ገበያነሽ። ቆየት ብላም፣ «ከግማሽ ጋር» አለች።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል። ዓይኑን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ምን እንደምትመልስለት አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ጥያቄውን ለወጠው።

«እሺ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከታክሲ ወርደው ቤትዎ እስኪገቡ የት የት ይቆማሉ?»

ገበያነሽ ይህን ሰው ጠይቋት አያውቅም። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የላትም፤ ምስጋናም ጨዋታም አይሆንለትም። ስለዚህ እውነቱ ወጣ።

«ድሮ እጀታ ቤቱ ጋ ብቻ ነበር። ኋላ ገንዳ ቤቱ ተጨመረ። አሁን ከሴራሚኩ ነው የምጀምረው። ሰሞኑን ቀለም ቤቱም አለ።»

«የዛሬ ዓመትስ?»

«የዛሬ ዓመት ሳልቆም ነበር የምገባው።»

«ሲቆሙ ምን ይሻልዎታል?»

«የተቀመጠብኝ ነገር ይነሳልኛል።» እጇን ደረቷ ላይ ሙሉ ለሙሉ አሳረፈች፣ ጡጫ አድርጋ። «እዚህ ጋ። አንዳንዴ እስከ መንጋጋዬ ይወጣል።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለች።

ቅድስት እናቷን እንደ አዲስ ሰው ታያት ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ጥያቄ ማሽን የለውም፣ ፊልም የለውም፣ በፌስታል አይያዝም። ጀርመንም ቻይናም አይሠሩትም። ለዚህም ነው ማንም የማያከብረው። ሐኪሙ ራሱ እንኳ መጀመሪያ ቀን በሰልፉ ተገፍቶ ዘሎት ነበር።

«እሺ ዶክተር» አለች ቅድስት እንባዋን ውጣ፣ «ከምርመራዎቹ ሁሉ የቱ ነው የሚሻለው? የመጨረሻውን ጥሩ ንገሩንና እሱን እናሠራ።»

«ለማን የሚሻለው? አራተኛ ፎቅ ነው አይደል የምትኖሩት? ውሃ ይደርሳችኋል?»

«ታች ያሉት ሲከፍቱ እኛ ጋ ይጠፋል» አለች ገበያነሽ። ስለ ውሃ ሲሆን አንደበቷ አይታሰርም።

«ማንም በማይከፍትበት ሰዓትስ?»

«ይመጣል። ያውም እየፎከረ።»

«ኢሲጂው እንደዚያ ነው። ማንም ሳይከፍት ቧንቧዎን ነካ አድርጎ ውሃ አለ ይላል። መሮጫው ግን ሁሉም ቧንቧ ሲከፈት አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እርስዎ ቧንቧ አላስከፍትም አሉን። ልብን በመድኃኒት አስሩጦ በኢኮ ማየትም አለ። ጥያቄው ያው ነው፣ ዓይኑ ይሻላል፤ ውሃ ያጣው የልብ ግድግዳ ሲደክም ይታያል። ሲቲው ደግሞ ስለ ውሃው ግድ የለውም። ቧንቧውን ነው የሚያየው፣ ዝጎ ጠቧል ወይ ብሎ። ሲቲ ንጹሕ ነው ካለ አምነነው እንተኛለን። ጠቧል ካለ ግን ያ ጥበት በእርግጥ ውሃ ይከለክላል ወይ የሚለውን ከሕመሙ ጋር ነው የምናመዛዝነው። በጨረር መድኃኒት የሚሠራም አለ፤ እሱን እስክናገኝልዎ መጠበቅ አልፈልግም።»

«ታዲያ ለእሷ?» አለች ቅድስት።

«ለእሳቸው ሲቲ። ዳግም መሮጫ ላይ ባወጣቸው ብረቱን ነቅለው ነው የሚወርዱት። ኩላሊታቸው ደህና ነው፣ ለሲቲው በመርፌ የሚሰጠውን መድኃኒት ይችላሉ። ሕመሙን አሁን ሰማነው፤ የቀረን ቧንቧውን ማየት ነው። ቶሎ። እስከዚያ አስፒሪንና እነዚህን ይጀምራሉ፤ ይቺን ደግሞ ከያዘዎት ቁጭ ብለው ከምላስዎ ሥር ያድርጓት። ዳገቱን ለጊዜው ይተዉት። ቁጭ ብለው ሳሉ ከያዘዎት ወይም አልለቅ ካለ ቀጠሮ የለም፣ ያን ጊዜውኑ ይመጣሉ።»

በሲቲው ዕለት ነርሷ ኪኒን በውሃ አቀረበችላት። ገበያነሽ ኪኒኗን አወቀቻት። ያቺው ናት፣ ልብ የምታዘገየው።

«ያኔ አትውሰጂ አላችሁኝ፣ ዛሬ ውሰጂ ትሉኛላችሁ» አለች። «እናንተና መንግሥት አንድ ናችሁ።»

«ያኔ እንዲሮጥ ነበር ማዘር፣ ዛሬ ለፎቶ እንዲረጋ ነው።»

ዋጠች። ተጋደመች፤ ቀለበት በሚመስለው ማሽን መካከል ገባች። በመርፌ የገባው ነገር ከክንዷ ተነስቶ እንደ ፈላ ውሃ ሰውነቷን አዳረሰና ከወገቧ በታች ሲደርስ ሱሪዬን አረጠብኩ ብላ ደነገጠች። ሁሉንም ሰው እንደዚያ ይሰማዋል፤ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? ማሽኑ በማታውቀው ድምፅ ትንፋሽ ያዢ አላት። ያዘች። ያን ትንፋሽ ይዛ ሳለች ስለ ሀይሉ አሰበች። ልጅ ሳለ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ በመያዝ ማንም አይችለውም ነበር። ማሽኑ ተንፍሺ አላት።

ውጤቱን ዶክተር ዮአብ ራሱ ነገራት። የልብን ፊት የሚመግበው ትልቁ የደም ሥር ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ክፉኛ ጠቧል። ሕመሟና ሥዕሉ ተገናኝተዋል፤ የሚያከራክር ነገር የለም። ሐሙስ ጠዋት በእጇ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ያዩታል፤ ከሆነም እዚያው ይከፍቱታል።

«ሀይሉም ይሄው ይሆን ዶክተር?»

«አላውቅም እማማ። እሳቸውን ማንም አላያቸውም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግቢው በሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ነበር። ሙዝ መጣ፣ ጭማቂ መጣ፣ የጎረቤት ወንበር ሁሉ ወጣ። ጋሽ ዋቅጅራ የእሷን ፊልም ከራሳቸው ጋር አጠጋግተው በመስኮቱ ብርሃን አመዛዘኑት።

«እኔ በዚህ አላምንም» አሉ። «ሲያነሷት ተንቀሳቅሳ ይሆናል። ሌላ ቦታ ትድገመው። መሮጫው እኮ ምንም የለም ብሎ ነበር! አንዱ አለ ሲል አንዱ የለም ካለ ሦስተኛ ነው የሚያስታርቃቸው። ሰው በአንድ ምስክር ይፈረድበታል?»

«እውነት ነው» አለ ሳሎኑ። «ይደገም።»

ምርጫው ማለፊያ ነበር። ሦስተኛ ማሽን፣ አራተኛ ማሽን፣ ደህና ነሽ የሚል እስኪገኝ። ገበያነሽ አንድ ጊዜ እሺ ብትል ሐሙስ ትቀራለች፤ አንድ ሐሙስ ከቀረች ሌላው ሐሙስም አይመጣም። ቅድስት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እናቷን ታያለች። የእናቷን እሺ ታውቀዋለች።

«ጋሽ ዋቅጅራ» አለች ገበያነሽ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ማሽኖቹን ይተዉአቸው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። መሮጫው ላይ አሞኝ ነበር። ዓመት ሙሉ አሞኛል።»

ሳሎኑ ጉሮሮውን ጠረገ። በጨዋ ሰው ፊት የማይወጣ ነገር ወጥቷል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ፤ ከልባቸው ተቀይመዋል። «በየቀኑ አይደል እንዴ እንዴት ነሽ የምንልሽ?»

«ትሉኛላችሁ» አለች። «አሁንም ያመኛል። ቅድስት፣ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ውሰጂ። ብቻዬን አልገባም፤ እፈራለሁ።»

«ወስጃለሁ እማ» አለች ቅድስት። አልወሰደችም ነበር፤ በማግስቱ ወሰደች።

ገበያነሽ ተነሳች። ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ፣ ጭማቂው ሳይጠጣ፣ የአስተናጋጅነት ወጉ ሳይፈጸም፣ ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ በጎኗ ጋደም አለች። ጫማዋን ቅድስት አወለቀችላት። ሳሎን ውስጥ ቱቦው በእጅ ይሻላል ወይስ በታፋ በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። ጋሽ ዋቅጅራ በታፋ ነው የሚሉት። ገበያነሽ ክርክሩ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።